ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያደርንበት ሌሊት

ባለፈው ኅዳር ከአባቴ ጋር ወደ ጎንደር ሄጄ ነበር። ያደርነውም ትልልቅ ዛፎች ካጠሉት ከፋሲል መዋኛ ግቢ አጠገብ በምትገኝ አንዲት የእንግዳ ማደሪያ ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፥ አልጋዋ ጠፍር፥ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረም ብርሃኗ ሻማ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ለጥምቀት ከግንቡ ላይ ዘልሎ ውሃው ውስጥ መግባቱን ስንት ጊዜ አጫውቶኛል! አሁን ጉልበቱን ያመዋልና መራመድ ሳያቅተው ቦታውን ሊያሳየኝ ፈለገ። ነገር ግን ገንዳው ደረቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር እጅግ ተናደድሁ። ሌሊትም ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሽ ውሃ የመጣ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ።

ጧት የቤቱ እመቤት ቡና እየቀዱ፥ «ልጄ፥ ውሃው እኮ እንግዳ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል አሠሩት የሚባለው ይህ ገንዳ ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ባለ ፎቅ ሕንፃ በውሃ ተከቦ ይታያል። ጥር 11 ቀን ውሃው ከተባረከ በኋላ ሕዝቡ ይገባበታል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የዛፎቹ ሥር ነው። በአጥሩ ግንብ ላይ ተጠምጥሞ ድንጋዩን ጨምድዶ ይዞታል። እኔ እንደሚመስለኝ ቢቆርጡት ድንጋዩ ይፈታል፥ ቢተዉትም ይሰነጥቀዋል።

አባቴ ከደረቁ ገንዳ ዳር ቆሞ የዘለለበትን ቦታ በከዘራው አሳየኝ። ከፍታውን በዓይኔ ለካሁት። አላጋነነም ነበር።