ከላምበረት እስከ ዶርም፦ አዲስ ገቢውን ማን ይምከረው?

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በወጣ ሰሞን ላምበረት መናኸሪያ የገባ ሰው አዲስ ገቢውን ተማሪ ከሌላው መንገደኛ ለመለየት አይቸገርም። ሻንጣው አዲስ ነው፤ በላዩ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ታስሮበታል። እናት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳደረገችው ደጋግማ ትነግረዋለች። አባት የሰርተፍኬቱን ፖስታ ከሻንጣው አስወጥቶ በእጁ እንዲይዘው ያደርጋል። ረዳቱ «ደሴ! ኮምቦልቻ! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ምክሩ ሁሉ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ይጎርፋል፦ ከክፉ ጓደኛ ራቅ፣ ጸሎትህን አትርሳ፣ ስልክህን ጠብቅ፣ ትምህርትህን ብቻ።

ምክሩ መልካም ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ የሚገጥመውን ግን አብዛኛው ወላጅ አያውቀውም። የሚያውቁት ሲኒየሮቹ ናቸው።

ከላምበረት የሚነሣው መንገድ በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማበርን ይሻገርና ወደ ኮምቦልቻ፣ ደሴና ወልድያ ይዘልቃል። የደብረ ብርሃንና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ናቸው፤ የወልድያው በ2004 ተከተለ። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲባል በአብዛኛው ስድስት ኪሎን፣ አራት ኪሎንና አምስት ኪሎን ነበር የሚያስበው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ልጁ ምርጫውን ይሞላል፣ ምደባው ከትምህርት ሚኒስቴር ይመጣል፤ አንዳንዱ አይቶት ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው በማስታወቂያው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችና አንድ ብርድ ልብስ እንደማይበቃ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ቀዝቃዛዋ ደሴና ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ስላለው የትኛው እንደደረሰህ ሳታውቅ ልብስ እንዳትሸምት የሚነግር ማስታወቂያ ግን የለም። ይህን የሚነግረው ቀድሞ የሄደ የሰፈር ልጅ ነው። የሰፈር ልጅ ያላጋጠመው እዚያ ደርሶ በብርድ ይማራል።

ነገሩ ከብርድ ልብስም ያልፋል። ወደዚያ አውቶቡስ ለመድረስ የበቃው ልጅ ከብዙዎች መካከል የተረፈ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ለማለፍ ጥቂት የቀራቸው ብዙዎች ደግሞ በማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ገብተዋል። እንዲህ ተበጥሮ የገባ ልጅ ዓመታቱን ሁሉ ለአንድ ፈተና ሲዘጋጅ ነው የኖረው። ምን ማንበብ እንዳለበት መምህሩ ይነግረው ነበር፤ መቼ እንደሚያነብ እናቱ ታስታውሰው ነበር። ዶርም ሲገባ ሁለቱም የሉም።

አንደኛ ዓመትን ያለፉ ተማሪዎች ስለ መጀመሪያው ሴሚስተር ሲያወሩ በየግቢው የሚመሳሰል ጸጸት አላቸው፦ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ ነው የነቃሁት። መንገዱም ያው ነው። ምዝገባው ቀናት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት የማይገባ መምህር ይኖራል። ተማሪው ትምህርት ገና አልተጀመረም ብሎ ከተማ ሲያይ፣ ዶርም ተኝቶ ፊልም ሲያይ ይሰነብታል። መምህሩ ደግሞ አንዴ ከገባ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወር የሚወስደውን ምዕራፍ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ልጁ ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ለማንሣት ያፍራል፤ እንግሊዝኛዬ ቢሳሳትስ ይላል። ስምንት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ የሚድ ውጤት ይለጠፋል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ልጅ ስሙን ከዝርዝሩ ታች አግኝቶ ለቤተሰቡ መደወል ያቆማል። ብዙው ልጅ በዚህ የሚጎዳው አእምሮው ስላነሰው አይመስለኝም፤ እነዚህን ሳምንታት የሚመራው ሰው ስላጣ ነው።

ስምንቱ ሳምንታት እንዲህ የሚከብዱበት የአሠራር ምክንያትም አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሲሆኑ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ተማሪው ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሌሎች የጋራ ኮርሶችን ከወሰደ በኋላ ነው ወደ ዲፓርትመንት የሚመደበው። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ልጁ ግቢውን ሳይላመድ ሙያ እንዳይመርጥ። ነገር ግን ምደባው የሚወሰነው በመግቢያ ፈተናውና በዚሁ በፍሬሽማን ውጤት ነው። ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የተመኘ ልጅ ዕድሉ የሚወሰነው ላይብረሪው በየት በኩል እንደሆነ ገና በሚያጣራበት ወቅት ነው ማለት ነው። ለመላመድ የተሰጠው ጊዜ መልሶ ትልቁ ፈተና ሆነበት።

ይህን በሌላ መንገድ የፈታ ተቋም አለ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ የሚባለው፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ፊደል ሆኖ እንዲመዘገብ አያደርግም። ያለፈው «አለፈ» ይባላል፤ የወደቀው ኮርስ ደግሞ በውጭ በሚታየው መዝገቡ ላይ አይጻፍም። በዓለም ከታወቁት ጎበዞች መካከል የተመረጡ ተማሪዎች እንኳ ለመላመድ አንድ ሴሚስተር ይገባቸዋል ተብሎ ነው። የእኛ ልጅ ከወልቃይት ወይም ከላምበረት ተነሥቶ የማያውቀው ከተማ ሲገባ ይህ አይገባውም የሚል ክርክር ሰምቼ አላውቅም፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተነሣም እንጂ።

ሲኒየሮች አዲስ ገቢውን ሲመክሩ ከትልልቁ ነገር አይጀምሩም። ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ ከእራት በፊት ደብተር አስቀምጥ። ያለፈውን ዓመት ፈተና ፈልግ፤ ግን እሱን ብቻ ይዘህ አትግባ፣ ዎርክሺቱን በእጅህ ሥራው። የመምህሩን ስላይድ ብቻ አትሸምድድ፣ መጽሐፉን ክፈት። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አጥኑ፤ አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ ነው የሚገባው። ክፍል ውስጥ መጠየቅ ካፈርክ መምህሩን ቢሮው ድረስ ሂድ፤ አብዛኛው መምህር በአማርኛ ቢጠየቅ በአማርኛ ይመልሳል። ሰቃይ የሚባለው ተማሪ በሌሊት ብቻ የሚያነብ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚያነብ መሆኑን ደግሞ ካየው ሰው መስማት ይሻላል።

ከጥናቱ ይልቅ የሚከብደው ዶርሙ ነው። በተደራራቢ አልጋ ላይ ስድስት ወይም ስምንት ሆነው የሚያድሩት ልጆች አንዱ ከጂማ፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከጂግጂጋ የመጡ ናቸው። አንዱ ሌሊት መብራት አብርቶ ያነባል፣ ሌላው ለሱብሒ ሶላት ይነሣል፣ ሌላው ጾም ስለያዘ እስከ ቀትር አይበላም፣ አራተኛው በስልኩ ድምፅ አውጥቶ ያወራል። በግቢዎቻችን ፖለቲካ የተባለ ስንት ጠብ ሥሩ ሲፈተሽ በዚሁ በመብራትና በድምፅ የተጀመረ ነው ብዬ አምናለሁ። የዶርም ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብለው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ ጽዳት የሚደርሰውን ሰው፣ የእንግዳውን ነገር ከተስማሙ ዓመቱን በሰላም ይጨርሳሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠበቅበታል። አማርኛ በሁሉም ቦታ ይበቃኛል ብሎ ከሄደ ይሳሳታል፤ የደረሰበትን ከተማ ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውንና የገበያውን ያህል የተማረ ልጅ በባለሱቁም በዶርም ጓደኛውም ዘንድ የሚያገኘው ፍቅር ሌላ ነው።

ገንዘብ ሲኒየሮች አብዝተው የሚያስጠነቅቁበት ነው። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት በ15፣ ኋላም በ22 ብር ቆይቶ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ካፌው ሰልችቶት ኖን ካፌ የሚሆን፣ ማለትም ምግቡን ትቶ ገንዘቡን የሚቀበል ተማሪ አለ። አንደኛ ዓመት ላይ ይህን አታድርጉ ይላሉ የቀመሱት፤ ገንዘቡ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ልጁ በጓደኞቹ ሚል ካርድ ይኖራል። በቴሌብር የሚላክለትን በአንድ ጊዜ ከሚያወጣ በሳምንት ከፍሎ ቢይዘው ይሻለዋል። ምግቡና ዶርሙም ነጻ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው በወጪ መጋራት ውል የሚፈርመው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍለው ነው።

በየግቢው ዙሪያ ስላሉት ጫት ቤቶች ከመናገርም መሸሽ አይገባም። ወደዚያ የሚሄደው ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክንያት ፈተና ነው፤ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይላል። ለሴት ልጅ የሚሰጠው ምክር ደግሞ የተለየ ነው። ላስጠናሽ ብሎ ምሽት ላይ ለብቻ ከሚጠራ ሲኒየር፣ ውጤት ላስተካክልልሽ ከሚል ማንኛውም ሰው መራቅ፤ ችግር ሲገጥም ዝም አለማለት፣ ግቢው ውስጥ ወዳለው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ መሄድ። ይህን ምክር ሴቶች ለሴቶች በዶርም ነው የሚነግሯቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በመጀመሪያው ቀን በአዳራሽ በግልጽ ቢናገሩት ብዙ እንባ ይቀር ነበር።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ምክር የማይፈታው ነገር መጥቷል። በ2012 በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ በላምበረት መንገድ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲዘልቅ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን በአውቶቡስ ሲሰድ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ሲኒየሮች ተማክረው በቡድን ይጓዛሉ፣ የመንገዱን ወሬ በቴሌግራም ይቀባበላሉ። ተማሪን በሰላም ማድረስ ግን የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በ18 ዓመት ልጅ ጥበብ የሚሸፈን አይደለም።

ርቆ የማይሄደውም የራሱ ችግር አለበት። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲኬድ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጊዜውን ይጨርሳል፤ ቤት ሲገባ እንደ ድሮው ሱቅ ይላካል፣ እንግዳ ይቀበላል። ቤተሰቡ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ ይላል እንጂ የጥናት ሰዓት ይተውለት ዘንድ ትዝ አይለውም።

አዲስ ገቢ መንገዱን የሚያገኘው በአብዛኛው በፈቃደኞች ነው። የተማሪዎች ኅብረት አባላት መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሻንጣ ይቀበላሉ፤ የየሃይማኖቱ የተማሪዎች ማኅበርም፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀምዓው፣ ፌሎሺፑ፣ የየራሱን ልጆች ሰብስቦ ሻይ ያጠጣል፣ ቲቶሪያል ያዘጋጃል። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን እነዚህ ማኅበራት የሚያገኙት የራሳቸውን ልጅ ነው፤ ከየትኛውም ያልተጠጋው፣ ዓይነ አፋሩ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣው ይቀራል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ክፍተት መጨረሻው ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40.65 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛው ሴሚስተር ለዲፓርትመንት ምደባ እንዳይቆጠር፣ ወይም ቢያንስ ክብደቱ እንዲቀንስ። ሁለተኛው ለየአምስቱ አዲስ ገቢ አንድ ሠልጥኖ የተመደበ ሲኒየር እንዲኖር፤ ሥራውም በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲመዘገብለት። ሁለቱም ግንባታ አይጠይቁም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቁም። ልጃችሁን ዘንድሮ ከላምበረት የምትሸኙ ወላጆች ደግሞ ስትደውሉ ውጤት ስንት መጣ ከማለታችሁ በፊት ከማን ጋር እያጠና እንደሆነ ጠይቁት። ከማንም ጋር አይደለም ካላችሁ ሚዱን አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት አንድ የሚያውቃችሁን የዚያ ግቢ ተማሪ ፈልጋችሁ አገናኙት።