አባይ በረሃን በሞተር ለማቋረጥ ላሰባችሁ፦ ከሞተሩ እኩል ሰውነታችሁንም ፈትሹ



ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ «ሞተር ይዘን አባይ በረሃን ወርደን እንውጣ» የሚል ሐሳብ በየጓደኛው መሃል ይነሳል። እውነት ለመናገር መንገዱ ያጓጓል። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ እየተጠማዘዘ እስከ አባይ ድልድይ ይወርዳል፤ ከዚያ በሌላው ወገን እንደገና እየተጠማዘዘ ደጀን ላይ ይወጣል። በሁለቱ ከተሞች መሃል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ዘይት ያያል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ፍሬንና ካቴና ያስፈትሻል። ጎበዝ! ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው። ኩርባው ላይ የሚወስኑት ዓይን፣ እጅና አንጎል ናቸው። እነሱ ደክመው፣ ተጠምተው ወይም ደንዝዘው ከሆነ የሞተሩ ጥሩነት ብዙም አያድንም። በዚያ ላይ ሸለቆው ውስጥ አደጋ ቢደርስ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ ያንን ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሞተረኛው ዝግጅት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ጸጥታውስ? ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ጉዞው ይቅር። መንገዱ የትም አይሄድም።

1. መንገዱ ሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ገርበ ጉራቻን አልፎ የሚሄደው ይህ መንገድ በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ ነው። ጠዋት በሞተር ስትሄዱ ብርዱ ከነፋሱ ጋር ተደምሮ ጣታችሁን ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬንና ፍሪሲዮን ላይ ይዘገያል፤ እናንተ ግን መዘግየቱን ላታስተውሉት ትችላላችሁ።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለያይ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ላይኛው ከነበረው 9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ላይ ስትነሱ የለበሳችሁት ወፍራም ጃኬት ታች እሳት ይሆንባችኋል። ላቡ ይወርዳል፣ ውኃ ይጎድላል፣ ራስ ምታት ይጀምራል፣ ትኩረት ይቀንሳል። ጆሮም ሊደፈን ይችላል፤ ምራቅ መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ ያስከፍተዋል።

ምን ይደረግ?
• ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ጎሐ ጽዮን ላይ ቆማችሁ ከውስጥ ያለውን ሹራብ አውልቁ። መከላከያ ጃኬቱን ግን አታውልቁ።
• በሰው 2 ሊትር ውኃ ያዙ። እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ቆም ብላችሁ ተጎንጩ። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውኃ አንሷችኋል ማለት ነው።
• የቀትሩን ሙቀት ሽሹ። የሚሻለው ፍቼ ወይም ጎሐ ጽዮን አድሮ፣ ጭጋግ ካለ እስኪገለጥ ጠብቆ፣ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መውረድ ነው። በጨለማ ግን ፈጽሞ!

2. እንቅልፍ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ መድኃኒት

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማስተዋልና የመወሰን አቅሙ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል በጥናት ታይቷል። ማለትም አርብ ማታ ሲያመሹ ቆይተው ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሞተር ማስነሳት «ጠጥቶ ከማሽከርከር» ብዙ አይርቅም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ለ3 ሰከንድ ብቻ ብታሸልቡ 42 ሜትር ያህል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። አባይ በረሃ ውስጥ 42 ሜትር ሙሉ ኩርባ ሊሆን ይችላል።

አልኮል፦ ጉበታችን አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጥሬ ሥጋ፣ ምንም ነገር አያፋጥነውም። ማታ ብዙ የጠጣ ሰው ጠዋትም በደሙ ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ጠጁም፣ አረቄውም፣ ቢራውም ይቆይ።

ጫት፦ «ያነቃኛል» ይባላል። ድካሙን ግን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ከዚያም በላይ ሰው ከአቅሙ በላይ እንዲተማመን ያደርጋል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ያ ሰዓት ኩርባ ላይ እንዲያገኛችሁ አትፈልጉም።

መድኃኒት፦ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ፣ እንዲሁም ለማስታወክ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን እንቅልፍ ያመጣሉ። ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ውስጥ እንደ ትራማዶል ያሉትም እንዲሁ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ «ይህን ወስጄ ማሽከርከር እችላለሁ?» ብላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ነውር የለውም።

3. ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ ስኳር ካለባችሁ

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ግን አስፈላጊ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ እየጾሙ በዚያ ሙቀት ሞተር መንዳት ለራስ ማዞር፣ ለድካምና ለማየት መቸገር ያጋልጣል። የሚሻለው ጉዞውን ከጾሙ ውጭ ማድረግ ነው። የግድ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ። በረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ቀኑን ቢቀይሩት ይመረጣል።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ የስኳር ታካሚዎች፣ ምግብ ካለፋችሁ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ተለኩ፣ ብሉ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። ምልክቱ ከመጣ ወዲያው ቁሙ፣ ስኳሩን ውሰዱ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሻላችሁ አትነሱ።

የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርቡ ራሱን ስቶ የወደቀ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሞተር ይዞ መውጣት የለበትም።

4. ሄልሜቱ የት ነው ያለው?

ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ክንድን እንኳን አያድንም። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው እንዳሳዩት ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ42 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ የማውቀው ክትባት የመሰለ ነገር ይሄ ነው፤ ያውም በአንድ ግዢ ለዓመታት የሚያገለግል።

• አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን ምረጡ። ስትወድቁ ፊትና አገጭም ሊመቱ ይችላሉ።
• ማሰሪያውን እሰሩት። በማሰሪያውና በአገጫችሁ መሃል ከሁለት ጣት በላይ ክፍተት አይኑር። ራሳችሁን ስታወዛውዙ ሄልሜቱ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል።
• አንድ ጊዜ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ቀይሩት።
• ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ሄልሜት ያድርግ። አንድ ሄልሜት ብቻ ካለ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ።
• ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል፤ ጓንት የሌለው መዳፍ አስፋልት ላይ ይላጣል።
• ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ረጅም ቀሚስ የለበሰች ተሳፋሪ ልብሷ ጎማ ወይም ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ታስረው። ጎን ለጎን ሳይሆን አንፈራጣ ትቀመጥ።

5. ኩርባው ላይ

ሰው ሲደነግጥ ዓይኑ የፈራው ነገር ላይ ይተከላል። እጅ ደግሞ ዓይንን ይከተላል። ገደሉን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ወደ ገደሉ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይናችሁ ልትወጡበት ወደምትፈልጉት የኩርባው መውጫ ይመልከት።

ፍጥነታችሁን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ትጓዛላችሁ። አንጎል አደጋውን አይቶ እጅ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ፣ ፍሬን ሳትነኩ 25 ሜትር አልፈዋል። ከኩርባው ጀርባ ያለው ደግሞ መሃል መንገድ የቆመ ላም፣ የዝንጀሮ መንጋ ወይም የእናንተን መስመር ይዞ የሚጠመዘዝ ተሳቢ ሊሆን ይችላል። ቀኛችሁን ያዙ፣ የማይታይ ኩርባ ላይ ክላክስ አሰሙ፣ ኩርባ ላይ አትቅደሙ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ትልቅ አደጋ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻውን ሲያዝ ይግላል፣ ከጋለ ይደክማል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። የሸለቆው መሬት ተንሸራታች ስለሆነ አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተጨማዷል፣ ሰምጧል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃና ድንጋይ ይወርድበታል። ፎቶ ለማንሳት ኩርባ ላይም ድልድይ ላይም አትቁሙ።

6. ጓደኛችሁ ቢወድቅ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

• መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርስባችሁ ከኩርባው በፊት አንድ ሰው ቆሞ ያስጠንቅቅ። እናንተ ከተጎዳችሁ ማንም አይረዳውም።
• ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ። «ቆመ ወይ?» ብላችሁ በየደቂቃው አታንሱት፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያዙት።
• እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አትጎትቱ፣ አንገቱንም አታንቀሳቅሱ። መስታወቱን ብቻ ክፈቱለት። ካልተነፈሰ ወይም ትውከትና ደም ካፈነው ግን መተንፈሱ ይቀድማል፤ አንዱ አንገቱን ደግፎ ሌላው በዝግታ ያውጣው።
• እጅና እግሩን ይዛችሁ እንደ ጆንያ አታንሱት። ጠፍጣፋ ነገር ፈልጉ፤ ጭንቅላት፣ አንገትና ወገብ በአንድ መስመር ሆነው አብረው ይነሱ።
• የተሰበረ አጥንት አታቃኑ። በካርቶን ወይም በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩት። ውኃም፣ አረቄም አታጠጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።
• ቁስል ላይ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ናፍጣ አታድርጉ። በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡና ሸፍኑት። የመንጋጋ ቆልፍ (የቲታነስ) ክትባት እንደሚያስፈልገው ጤና ተቋም ይወስናል።

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ የተነሳውን ሰውም ተከታተሉት። መሪው ሆዱን የመታው ሰው ጣፊያው ወይም ጉበቱ ደምቶ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። የሆድ ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ መገርጣት ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ሆስፒታል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ንግግሩ ከተደናገረ ወይም አንዱ ጎኑ ከደከመ «ይተኛና ይሻለዋል» አይባልም። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር።

7. ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ

ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ሁልጊዜ ላይኖር ስለሚችል የሚከተለውን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በአዲስ አበባ በኩል ገርበ ጉራቻ ላይ የኩዩ ሆስፒታል አለ፤ በጎጃም በኩል ደጀን፣ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ ደብረ ማርቆስ። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለቤተሰብ ሁለት ሰዓት ተናገሩ፦ ከጎሐ ጽዮን የምትነሱበትንና ደጀን የምትደርሱበትን። «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ» በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ስትሄዱም ፍጥነቱን የሚወስነው ከመሃላችሁ በጣም ቀስ ብሎ የሚነዳው ሰው ይሁን። ከጓደኞቹ ላለመቅረት ከአቅሙ በላይ የሚነዳ ጀማሪ አለና።

በመጨረሻም ጠዋት ተነስታችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ በደንብ ተኝቻለሁ? በልቻለሁ? ውኃ ይዣለሁ? ሄልሜቴ ታስሯል? የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አለ? አንዱ መልስ «አይ» ከሆነ፣ ያ እስኪስተካከል ሞተሩ አይነሳ።

ይህ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የራሳችሁ ሕመም ካለ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሞተር ላለው ጓደኛችሁ፣ በተለይ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ ለሚያንጠለጥለው፣ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

በሰላም ወርዳችሁ በሰላም ውጡ!