ድኻ ወላጅ ለልጁ ኮሌጅ ሲመርጥ ሊያውቀው ስለሚገባ ነገር

ልጅን ወልዶ ማሳደግ ቀላል አይደለም፤ አስተምሮ ለቁም ነገር ማብቃት ግን ከማሳደግም ይከብዳል። ይልቁንም አባትና እናት ራሳቸው ባልሄዱበት መንገድ ልጃቸውን ሂድ ብለው ሲሰዱ፥ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስና ስንቁ ምን ያህል እንደሚበቃ ስለማያውቁ ጭንቀታቸው እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ለመጻፍ ያሰብሁት በአሜሪካ ስለሚኖሩ፥ ገቢያቸው አነስተኛ ስለ ሆነ ወገኖቻችንና ከቤታቸው የመጀመሪያ ሆኖ በዚያ አገር ኮሌጅ ስለሚገባው ልጃቸው ነው። (በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በዋሽንግተን ከተማና በጎረቤቶቿ በሜሪላንድና በቪርጂንያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም አያሌዎቹ በመኪና ማቆሚያ ስፍራ በመሥራት፥ ታክሲ በመንዳት፥ በየቤቱ እየዞሩ ሽማግሎችን በማስታመም ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊፈጽም በተቃረበ ጊዜ አባት የአንዱን ታላቅ ኮሌጅ ዋጋ ይሰማና «ይህ ለሀብታም ልጅ ነው፤ እኛ በአቅማችን እንደር» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሐሳቡ ልጁን ከዕዳ ለማዳን ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚሁ ቃል ልጁን ወደ ባሰ ዕዳ ሊመራው ይችላል። ይህም እንዴት እንደሚሆን ከዚህ ቀጥዬ እገልጣለሁ።

ገበያ የወጣ ሰው ነጋዴው በመጀመሪያ የጠራውን ዋጋ እንደማይከፍል ያውቃል። በአሜሪካም ኮሌጆች በግልጥ የተጻፈው ዋጋ ሌላ፥ ቤተ ሰቡ በእውነት የሚከፍለው ዋጋ ሌላ ነው። ልዩነቱ ግን ዋጋው የሚወርደው በክርክር ሳይሆን በቤተ ሰቡ ገቢና ሀብት ልክ መሆኑ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዋጋ ከነምግቡና ከነመኝታው በዓመት ከ80,000 ዶላር ይበልጣል። ሆኖም ከ2025 ዓ.ም. መኸር ጀምሮ የዓመት ገቢው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥና ሌላ ብዙ ሀብት የሌለው ቤተ ሰብ ለትምህርቱም፥ ለምግቡም፥ ለመኝታውም እንዳይከፍል ዩኒቨርሲቲው ደንግጓል። በማሳቹሴትስ የሚገኘው የኤም.አይ.ቲ. ትምህርት ቤትም ለዚሁ ልክ ገቢ ተመሳሳይ ደንብ አለው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ብድርን ከርዳታው ውስጥ አውጥቶ በስጦታ ተካ፤ በ2025 ዓ.ም. ገቢያቸው እስከ 150,000 ዶላር የሚደርስ አብዛኞቹ ቤተ ሰቦች ምንም እንዳይከፍሉ ወሰነ።

እንዲህ ያለው ቸርነት ከወዴት መጣ የሚል ሰው ቢኖር፥ የሀገራችንን የቀድሞ ልማድ ያስታውስ። ለአንድ ደብር ጉልት በተሰጠው ጊዜ ካህናቱና አገልጋዮቹ በየዓመቱ ከሚገባው ፍሬ ይኖሩ ነበር እንጂ መሬቱን አይሸጡትም ነበር። እነዚህም ኮሌጆች ባለጠጎችና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለዘመናት የሰጧቸው ከፍ ያለ ገንዘብ አላቸው፤ ዋናውን ጠብቀው ከትርፉ እያወጡ ድኻውን ያስተምሩበታል። ስለዚህ ብዙ ሀብት ያለው ኮሌጅ በተጻፈው ዋጋ ውድ ሲመስል ለድኻው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የረከሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሀብት የሌለው ኮሌጅ ግን ዋጋው ዝቅ ያለ ቢመስልም የሚሰጠው ስጦታ ጥቂት ስለ ሆነ ለድኻው ይከብደዋል።

ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ኮሌጁ ተማሪን ሲቀበል የቤተ ሰቡን ገንዘብ ይመለከታል ወይስ አይመለከትም የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ከተቀበለው በኋላ የጐደለውን ሁሉ ይሞላለታል ወይስ ከፊሉን ብቻ የሚለው ነው። ገንዘብ ሳይመለከት ተቀብሎ የጐደለውን የማይሞላ ኮሌጅ እንግዳውን ግባ ብሎ እራት እንደሚነሣው ባለቤት ያለ ነው። ሁለቱንም የሚያደርጉ ጥቂት ናቸው። ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ለባዕድ አገር ተማሪ ደግሞ ከእነርሱም ያነሱ ናቸው፤ ሃርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተን፥ ኤም.አይ.ቲ.፥ አምኸርስት፥ ዳርትመዝ፥ ቦዶይንና ብራውን ከእነዚህ ይቈጠራሉ። በቀሩት በብዙዎቹ ግን የባዕድ አገር ተማሪ ርዳታ መጠየቁ የመግቢያ ዕድሉን ሊያሳንስበት ይችላል።

በኬንታኪ የሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ ልዩ ምሳሌ ነው። በ1855 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አላስከፈለም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ደግሞም ኩዌስትብሪጅ የሚባል ማኅበር አለ። ጐበዝ የሆኑትን የድኻ ልጆች መርምሮ ከ50 ከሚበልጡ ኮሌጆች ጋር ያገናኛል፤ የተመረጠውም ልጅ የአራት ዓመት ሙሉ ስጦታ ያገኛል። ማመልከቻው የሚዘጋው በመጨረሻው የሁለተኛ ደረጃ ዓመት በመስከረም ወር ስለ ሆነ፥ ነገሩን ዘግይቶ የሰማ ቤተ ሰብ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪ ነገር ትዝ ይለኛል። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ የመምህሩን ዝና ብቻ አይጠይቅም፤ የአካባቢው ሰው ለተማሪ እጁ የሚዘረጋ መሆኑንም ይጠይቃል። መምህሩ ሊቅ ሆኖ አገሩ ንፉግ ከሆነ ተማሪው ቅኔውን ሳይጨርስ በራብ ይመለሳልና። የኮሌጅም ምርጫ እንዲሁ ነው። ኮሌጁ ዝናው ብቻ ሳይሆን የሚመግብ መሆኑ፥ ከገቡትም የድኻ ልጆች ስንቱ እንደሚፈጽሙ መታወቅ አለበት። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው መዝገቡ ይህንን ለሁሉ ገልጦ ያሳያል። እያንዳንዱ ኮሌጅም የቤተ ሰቡን ገቢ ተቀብሎ የሚቀረውን ዋጋ የሚገምት ማስያ እንዲያቀርብ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተገዷል፤ ይህንንም ለመጠቀም ገንዘብ አይከፈልም።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ ሥራ ይመጣል። በብዙ ቤት የሚታየው እንዲህ ነው። አባትና እናት ከሥራ ደክመው ይገባሉ፤ የበኵር ልጃቸው፥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሐኪሙን ቃልና የመንግሥቱን ደብዳቤ ስትተረጕምላቸው የኖረችው፥ በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ወረቀቱን ትሞላለች። ገቢህ ስንት ነው ብላ አባቷን ስትጠይቀው «የቤታችንን ምሥጢር ለባዕድ ለምን እንነግራለን?» ብሎ ይቈጣል። ቍጣው ከክብር የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት ማመልከቻ ሳይሞላ፥ የአባትና የእናትም ስምምነት ሳይጨመርበት፥ መንግሥት ለድኻ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት የሚባለው ስጦታ አይገኝም። ይህም ስጦታ በ2025 ዓ.ም. በጀመረው የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፤ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ዜግነት ያልወሰዱ ሰዎችም ያገኙታል። ፋፍሳ ያለ ክፍያ የሚሞላ ስለ ሆነ፥ እሞላላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው መጠንቀቅ ይገባል። ብዙ ሀብታም ኮሌጆች ከዚህ ሌላ ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቃሉ፤ እርሱም ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተ ሰብ ያለ ዋጋ ነው።

በወረቀቱ ላይ የማይጻፍ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ወገኖቻችን በአገር ቤት የቀሩትን አባትና እናት ይጦራሉ፤ በየወሩ ከደመወዛቸው ይልካሉ። ይህ በቅጹ በሚታየው ገቢ ላይ አይቀነስም። ሆኖም ለኮሌጁ የርዳታ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ገልጦ፥ የላኩበትን ደረሰኝ አያይዞ፥ ጕዳዩ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ሁልጊዜ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ያልጠየቀ ግን በምንም አያገኝም።

መጨረሻ ላይ ኮሌጆቹ የርዳታ ደብዳቤ ይልካሉ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው በዚህ ጊዜ ነው። ለምሳሌ አንዱ ኮሌጅ ዋጋው 85,000 ዶላር ሆኖ 80,000 በስጦታ ቢሰጥ፥ ለቤተ ሰቡ የሚቀረው 5,000 ነው። ሁለተኛው ኮሌጅ ዋጋው 32,000 ሆኖ «የ25,500 ዶላር ርዳታ ሰጥተናችኋል» ብሎ ቢጽፍ፥ ቤተ ሰቡ ሁለተኛው ረከሰ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ደብዳቤውን በዝግታ ሲያነቡት ስጦታው 12,000 ብቻ ነው፤ 5,500 በልጁ ስም፥ 8,000 በአባቱ ስም የሚወሰድ ብድር ነው፤ 6,500ም ገና ያልተሞላ ነው። ብድርን ርዳታ ብሎ መጥራት አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው ነው። በአራት ዓመት የመጀመሪያው 20,000 ሲያስከፍል፥ ሁለተኛው 80,000 ያስከፍላል፤ ከዚያም አብዛኛው ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። የመንግሥት የትምህርት ብድርም ሰው ቢከስር እንኳ በቀላሉ የማይሰረዝ ነው። እንግዲህ ደብዳቤው ሲመጣ ስጦታውን በአንድ ወገን፥ ብድሩን በሌላ ወገን ጽፎ፥ ከዋጋው ላይ ስጦታውን ብቻ መቀነስ ይገባል። ስጦታው ለአራቱም ዓመት የሚቈይ መሆኑንም መጠየቅ ነው። የመጨረሻው መልስ በብዙ ኮሌጆች የሚሰጠው በሜይ 1 ቀን፥ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን ስለ ሆነ፥ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤዎቹን አስተያይቶ ለመወሰን ጊዜ አለ። ቀድሞ ተቀባይነት አግኝቶ ወዲያው ለመግባት ቃል የሚያስገባውን ማመልከቻ የሚያስገባ ግን ይህን የማስተያየት ዕድል ያጣልና፥ አስቀድሞ በማስያው ሒሳቡን ይመርምር።

ስለ ታላላቆቹ ኮሌጆች ይህን ያህል ስናገር ሁሉ ይገባባቸዋል ማለቴ አይደለም። ሃርቫርድ ከመቶ አመልካቾች አምስት እንኳ አይቀበልም። ስለዚህ ልጁ በስም ዝርዝሩ ላይ ከሩቆቹ ጋር የቅርቦቹንም ይጨምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለራሳቸው ግዛት ነዋሪ ዋጋቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለምሳሌ የቪርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ የግዛቱ ነዋሪዎች የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። በሜሪላንድም ሞንትጎመሪ ኮሌጅን በመሰለው የአካባቢ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል፤ ይህም መንገድ የሚያሳፍር አይደለም።

እናንተ ወላጆች ሆይ፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏል። ልጃችሁ ገና ከመጨረሻው ዓመት ሳይደርስ አስቀድማችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፤ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና። ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ ልጁ ይተርጕም፤ ሒሳቡን ግን አብራችሁ ሥሩ። የበኵር ልጅ የመላውን ቤት ሸክም ብቻዋን በሌሊት እንድትሸከም መተው አይገባም። ባታውቁት እንኳ አብራችኋት መቀመጣችሁ ለርሷ ትልቅ ርዳታ ነው፤ ለታናናሾቿም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መንገዱ የታወቀ ይሆናል።