ዓይነ አፋሩ ልጅና የቤት ጥናት

በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ ዓይነ አፋርነት እንደ ጉድለት አይቆጠርም። እንግዳ ሲመጣ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ የሚደበቅ፣ ሲጠየቅም አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚል ሕፃን «ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል። ይኸው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን በቤት ያስመሰገነው ዝምታ ይጎዳው ይጀምራል። ያልገባውን አይጠይቅም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቢያመልጠውም እጁን አያወጣም። ተማሪ በበዛበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የማይረብሽ ልጅ ቶሎ አይታይም። በዚህም ምክንያት ወደ ኋላ መቅረቱ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ካርድ በሚሰጥበት ዕለት ነው። ያን ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

ወላጆች በሥራ ሲጠመዱ ወይም ማንበብ ሳይችሉ ሲቀሩ ልጁን የመርዳቱ ኀላፊነት በታላቅ ወንድሙ ወይም በታላቅ እኅቱ ላይ ይወድቃል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ከፍ ያሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ፊደል ማስቆጠራቸው የቆየ ልማድ ነው።

የረዳቱ የመጀመሪያ ተግባር ማስተማር ሳይሆን ልጁ የቱ ላይ እንደ ቆመ መርምሮ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ልጁ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ እስከ መጨረሻው ድረስ በዜማ ሲወርደው ፊደል የለየ ይመስላል። ነገር ግን በገበታው ላይ ያሉት 33 ረድፎች በ7 ዓምዶች ሲባዙ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ እነዚህንም ጆሮ ሊይዛቸው ይችላል፣ ዓይን ግን ሳያውቃቸው ይቀራል። የቀድሞ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚባለውን የሚያስቆጥሩት ስለዚህ ነው። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ የለመደው ዜማ ልጁን አያድነውም፤ የግድ መመልከት አለበት። ረዳቱም ገበታውን ዘርግቶ እያዘበራረቀ ቢያመለክት፣ ልጁ የተሰናከለባቸውን ሆሄያት በአንድ ምሽት ለይቶ መጻፍ ይችላል።

ስሕተቶቹ ሲታዩ ብዙውን ጊዜ መልክ አላቸው። በብዙዎቹ ፊደላት ካዕቡ በቀኝ ወገቡ፣ ሣልሱ በቀኝ እግሩ ላይ ቅጥል አለው፤ ኀምሱም በእግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ «ቡ፣ ቢ፣ ቤ» እና «ሉ፣ ሊ፣ ሌ» ይህንን ያሳያሉ። ሳድሱ ግን እንዲህ ያለ ወጥ ምልክት ስለሌለው ልጆችን ያደናግራል። «ል»፣ «ብ» እና «ስ» የተለወጡት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው። ሦስቱን ለብቻቸው አጥንቶ ካወቃቸው በኋላ ጎን ለጎን ቢጻፉለት ልጁ «ልብስ» ብሎ ያነባል። ማንም ሳይነግረው ያነበባት ያች አንዲት ቃል ከአንድ ሰዓት ምክር ትበልጥበታለች።

ሒሳቡም ቢሆን በሚዳሰስ ነገር ይቀላል፤ ከ12 የባቄላ ፍሬ 7 አንሥቶ የቀሩትን 5 የቈጠረ ልጅ መቀነስ ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

ከዘዴው ይልቅ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። ዓይነ አፋር ልጅ መልሱን እያወቀም ይዘገያል፤ ረዳቱ ቸኩሎ መልሱን ከነገረው ልጁ ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ይማራል። በሹክሹክታ ቢመልስም መልስ ነውና «ጮክ በል!» ተብሎ ሊቈጡት አይገባም። እንግዳ ፊት አስቁሞ «እስቲ አንብብላቸው» ማለትማ የሳምንቱን ድካም በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። ይልቁንስ ለታናሽ እኅቱ ወይም ማንበብ ለማትችል አያቱ ቢያነብ ይመረጣል፤ አያት ስሕተት አትለቅም፣ ታሪኩን ብቻ ትሰማለች። ጥናቱም ልጁ ሳይደክምና ሳይራብ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል በየቀኑ ቢደረግ ቅዳሜን ሙሉ ከማስጨነቅ ይሻላል።

ልጁ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ታላቁ ወይም ወላጁ ወደ መምህሩ ሄዶ የትኛውን ገጽ በሚገባ እንደሚያነብ ቢነግር መልካም ነው። መምህሩም በማግሥቱ ያንኑ ገጽ ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ልጁም በክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው በሚያውቀው ነገር ይሆናል።