የቤት ውስጥ ሽታና መንገዱ

በከተማ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይታገሣል። የመንገዱን አቧራ፣ የጎረቤቱን ራዲዮ፣ የአውቶቡሱን ግፊያ «ነገ ያልፋል» እያለ ይችለዋል። በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚመላለስ የፍሳሽ ሽታ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሌላው ችግር ለወዳጅ ይነገራል፤ ምክር ይጠየቅበታል። ይኸኛው ግን እንደ ገመና ተቆጥሮ ይደበቃል። እንግዳ ሲመጣ መስኮት ይከፈታል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ቡናው ቶሎ ይቆላል። እንግዳውም ጨዋ ከሆነ ምንም ያልሸተተው መስሎ ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል ለሰውነት ብቻ ሳይሆን ለቤትም የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ ሽታ፣ ስለሚመጣበት መንገድና ስለ መፍትሔው ጥቂት ልንነጋገር አሰብን። «ይኸ ወሬ ለእሑድ ቀን አይሆንም» የሚል አንባቢ ቢኖር ይቅርታውን እንለምናለን፤ ሽታው ግን እሑድን የማያከብር መሆኑን እናስታውሰዋለን።

በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባን አንድ ነገር አለ። በየቤታችን ያለው የመታጠቢያ ሣሕን፣ የወጥ ቤቱ ላቫንዲኖ፣ የመጸዳጃው መቀመጫና በወለሉ ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ሁሉ የሚገናኙት ከአንድ ቆሻሻ ጉድጓድ ወይም ከከተማው የፍሳሽ መሥመር ጋር ነው። ታዲያ የጉድጓዱ ሽታ በቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ቤቱን የማይሞላው ለምንድን ነው? መልሱ እጅግ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ መውረጃ ሥር ቧንቧው ይታጠፋል። ውኃ ከፈሰሰ በኋላ በዚያ እጥፋት ውስጥ ጥቂት ውኃ ተኝቶ ይቀራል። ያ ውኃ ቆሻሻው እንዲወርድ ይፈቅዳል፤ ሽታው እንዲወጣ ግን አይፈቅድም። ባለሙያዎቻችን ከጣልያን በተወረሰ ቃል «ሲፎን» ይሉታል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ 1775 ዓ/ም አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ ይኸንኑ እጥፋት ለመጸዳጃ ቤት አውሎ ሕጋዊ መብት አወጣበት። እንግዲህ በቤታችንና በጉድጓዱ መካከል የቆመው ዘበኛ ከጣት ቁመት ብዙም የማይበልጥ ውኃ ነው ማለት ነው። ዘበኛው ከሌለ በሩ ክፍት ነው።

ይኸን ያልንበት ምክንያት አለን። ባለፈው ዓመት በአዲስ አበባ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን መካከል የአንዱ ቤተ ሰብ በዚሁ ሽታ ስድስት ወር ያህል ተሠቃየ። ቤቱ ንጹሕ፣ እመቤቲቱም ለንጽሕና የሚጨነቁ ነበሩ። ሽታው አንድ ቀን ይጠፋና ሁለት ቀን ይመጣል። ውኃ በተራ የሚለቀቅበት ሰፈር ስለሆነ፣ ውኃው በጠፋበት ቀን ይብሳል። መጀመሪያ ዕጣን ተሞከረ። ቀጥሎ በረኪና በየመውረጃው ፈሰሰ። ከዚያ የመምጠጫ መኪና ተጠርቶ ጉድጓዱ ተመጠጠ። ለአንድ ሳምንት ቤቱ ሰላም ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ተመለሰ። ጉድጓዱ ሲጎድል ጋዙ ለጊዜው ቀነሰ እንጂ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ አልተዘጋም ነበርና።

መድኃኒት ሲያልቅ ጥፋተኛ መፈለግ የሰው ልማድ ነው። እመቤቲቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። የቤት ሠራተኛዋ መጸዳጃ ቤቱን ባጸዳች ቁጥር ሽታው ይነሣል። «እንግዲህ አታጸዳም ማለት ነው» አሉ። ልጅቱ ከጠዋት እስከ ማታ ብትፈትግ፣ በባልዲ ውኃ እየቀዳች ብትደፋ፣ ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልሄደም። በመጨረሻ ደመወዟ ተሰልቶ ልትሰናበት ተወሰነ። ከሄደችበት ቤት «ለምን ወጣሽ?» ቢሏት የምትሰጠው መልስ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ያስበው።

የመሰናበቻዋ ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠሩ። እኛም በዚያ ቀን ከወዳጃችን ቤት ስለነበርን ሥራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትን። ሰውየው መፍቻቸውን ከቦርሳቸው ከማውጣታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ሽታው በየትኛው ሰዓት ይመጣል? በየትኛው ክፍል ይበረታል? ውኃ ሲኖርና ሲጠፋ ልዩነት አለው? በቤቱ ላይ በቅርብ ጊዜ የተሠራ ነገር አለ? የሐኪም ጥያቄ ይመስል ነበር።

ከዚያም አንድ ባልዲ ውኃ ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል ዞሩ። ከእንግዳ ማረፊያው ክፍል አጠገብ ማንም የማይጠቀምበት ትንሽ መታጠቢያ ቤት ነበረ። በወለሉ መውረጃ ውስጥ በባትሪ ቢያዩ ሲፎኑ ባዶ ነው። ውኃ ሞሉበትና «መግቢያው ይኸ ነው፤ ምክንያቱ ግን ገና ነው» አሉ። ወዳጃችን «ሳይጠቀሙበት ቆይቶ ደርቆ ይሆናላ!» ቢላቸው «ልጄ፣ ውኃ በራሱ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። የእናንተ ሽታ ግን በየሁለት ቀኑ ይመጣል» ብለው መለሱለት። ቀጥለውም ልጅቱ እንደ ልማዷ አንድ ባልዲ ውኃ በዋናው መጸዳጃ ውስጥ እንድትደፋ አዘዙና እርሳቸው ከእንግዳው መታጠቢያ ቤት ተንበርክከው መውረጃውን ተመለከቱ። ውኃው በተደፋ ጊዜ መውረጃው «ጉር ጉር» አለ። አሁን የተሞላው ውኃ እየተሳበ ወደ ታች ሄደ። ሽታውም ወዲያው ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቧንቧ ውስጥ በኃይል የሚወርድ ውኃ ከኋላው አየር ይስባል። በደንብ በተሠራ ቤት ይኸን አየር የሚሰጠው ከዋናው ቧንቧ ተነሥቶ ከጣራው በላይ የሚወጣ ቱቦ ነው። የጉድጓዱም ጋዝ በዚያው ወጥቶ በነፋስ ይበተናል። ይኸ መተንፈሻ ከተዘጋ ግን ወራጁ ውኃ አየር የሚያገኘው በአቅራቢያው ያለውን ሲፎን መጥጦ ነው። ከባልዲ በአንድ ጊዜ የሚደፋ ውኃ ደግሞ ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ ይበልጥ ይስባል። እንግዲህ ልጅቱ ባጸዳች ቁጥር ሽታው የሚነሣው ስላላጸዳች ሳይሆን አጥብቃ ስላጸዳች ነበር። ውኃ በጠፋበትም ቀን የሚብሰው ቤተ ሰቡ ሁሉ በባልዲ ስለሚጠቀም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ኮርኒሱ ወጡ። ከአንድ ዓመት በፊት የቤቱ ቆርቆሮ ሲለወጥ ሠራተኞቹ የመተንፈሻውን ቱቦ ከጣራው በታች ቆርጠው፣ ዝናብ እንዳይገባበት በሲሚንቶ ከረጢት ወትፈው፣ በላዩ ቆርቆሮ መትተውበት ተገኘ። ውታፉ ወጣ፤ ቱቦው ተቀጥሎ ከጣራው በላይ እንዲወጣ ተደረገ፤ ጫፉም በጎሚቶ ታጥፎ ወንፊት ለበሰ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ባልዲው ሦስት ጊዜ ቢደፋ የመውረጃው ውኃ ንቅንቅ አላለም። እመቤቲቱ ወደ ልጅቱ ዞረው «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ስንብቱም ቀረ።

ሽታን በሽታ መሸፈን የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ 1858 ዓ/ም በጋ የቴምስ ወንዝ በፍሳሽ ተሞልቶ ለንደን በሸተተች ጊዜ፣ በወንዙ ዳር ያለው የእንግሊዝ ፓርላማ የመስኮቶቹን መጋረጃዎች ክሎራይድ ኦፍ ላይም በተባለ መድኃኒት አስነክሮ ነበር። መጋረጃው አላዳነም። ያዳነው በዚያው ዓመት የወጣው ሕግና ጆሴፍ ባዝልጌት የተባለው መሐንዲስ ከከተማይቱ ሥር የዘረጋው የፍሳሽ መሥመር ነው። የደረቀ ሲፎንም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ 2003 ዓ/ም በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ሳርስ የተባለው በሽታ ከ 300 የሚበልጡ ነዋሪዎችን ይዞ ነበር። መርማሪዎች ለበሽታው መዛመት ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ላይ ያሉት ሲፎኖች ደርቀው የፍሳሹ አየር ወደየቤቱ መግባቱ ነው።

እንግዲህ በቤቱ ሽታ ያስቸገረው አንባቢ ምን ያድርግ? የሚከተለውን በተራ ይሞክር።

አንደኛ፤ ሽታው የሚመጣበትን ሰዓትና ክፍል ለአንድ ሳምንት በወረቀት ይመዝግብ። ሁለተኛ፤ በቤቱ ባለው መውረጃ ሁሉ፣ በተለይም በማይጠቀምበት ውስጥ፣ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ ይጨምር። ሽታው በዚህ ብቻ ከጠፋ ምክንያቱ ድርቀት ነው። ከውኃው በላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢያፈስበት ቶሎ እንዳይተን ይረዳዋል። ሦስተኛ፤ ሽታው ከተመለሰ አንድ ሰው ውኃ ሲደፋ ሌላው መውረጃዎቹን ይመልከት። የሚያጉረመርም ወይም ውኃው የሚጎድል ካለ መተንፈሻው ወይም ዋናው ቧንቧ ተዘግቷል። አራተኛ፤ ከላቫንዲኖው ሥር ያለውን ይመልከት። ብዙ ጊዜ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ያለ አንዳች ሲፎን በግድግዳው ወይም በወለሉ ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ይገኛል። ቱቦው መታጠፍ፣ ክፍተቱም መታሸግ አለበት። የልብስ ማጠቢያ መኪናውንም ቱቦ እንዲሁ። አምስተኛ፤ የመጸዳጃው መቀመጫ ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ለቋልና ይታደስ። ስድስተኛ፤ ከቤት ውጭ ያሉት የፖዜቶ ክዳኖች የተሰነጠቁ ወይም የተከፈቱ እንዳይሆኑ ይይ። ይኸም ሁሉ ካልበቃ ማታ የሚጠረጥራቸውን መውረጃዎች በላስቲክና በፕላስተር አሽጎ፣ በየቀኑ አንዳንዱን እየከፈተ ቢያሸት ጥፋተኛውን ያገኘዋል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ግን አሉን። የመጀመሪያው፣ ከጉድጓድ ከሚወጡት ጋዞች መካከል እንደ ተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ ማንም ሰው «ትንሽ ልየው» ብሎ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አይውረድ፤ የወደቀውን ለማውጣት የወረደው ራሱ የሚቀርበት ብዙ ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ሚቴን የተባለው ጋዝ በእሳት ይነዳልና በጉድጓድ አፍ ላይ ክብሪት አይጫር፤ ሲጋራም አይለኮስ። ሦስተኛው፣ በረኪናና አሲድነት ያለው የመጸዳጃ ማጽጃ ባንድነት ሲደባለቁ መርዘኛ ጋዝ ይወጣልና አንዱን ከሌላው ጋር ማፍሰስ አይገባም።

ቤት የሚሠሩና ጣራ የሚለውጡ ሁሉ ደግሞ ከጣራው በላይ ብቅ ያለችው ቱቦ ለጌጥ እንዳልተተከለች ይወቁልን። ቤት አከራይም ተከራዩ «ሸተተኝ» ሲለው «አንተ ራስህ ነህ» ከማለቱ በፊት መሰላል ያቁምና ጣራውን ይይ። ሽታ በስንፍና ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ንጹሕ ቤት ባልሸተተ ነበር። የሚመጣው ግን በመንገዱ ነው። መንገዱን ሳይፈልጉ ሰውን መወንጀል፣ ቤቱን ካለበት ሽታ ሳያድን፣ በላዩ ግፍ መጨመር ነው።