ሜሞሪም ይፈተን!

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ መፍትሔው «ሜሞሪ መጨመር ነው» እንላለን። እኛም ጨመርን፤ ሳንፈትሸው የተማሪዎችን ማርክ ብንመዘግብበት ግን ፋይሉ ተበላሸብን። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ከማስቀመጡ በፊት የሚይዘው በሜሞሪው ነው፤ እሱ ከተሳሳተ ስሕተቱም አብሮ ይቀመጣል።

ስለሆነም በመጀመሪያ ዓይነቱን እንለይ። የላፕቶፕ ዲዲአር 3 ሜሞሪ 204፣ ዲዲአር 4 ደግሞ 260 ፒን አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባምና በግድ አንግፋ። ቦርዱ ላይ የተበየደም ስላለ ሳንገዛ ከፍተን እንይ።

ቀጥሎ «ሜምቴስት 86» የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ጭነን፣ ላፕቶፑን በዚያው አስነስተን ሌሊቱን እናሠራው። አንዲት ስሕተት እንኳ ብትታይ ሜሞሪውን ነቅለን፣ መልሰን ሰክተን እንደገና እንሞክር፤ ከደገመች ለሻጩ እንመልስ።

ተማሪ ሳይፈተን አያልፍም፤ ሜሞሪስ ለምን ይለፍ?