ከገበያ የሚገኝ ቪታሚንና ከጠርሙስ የሚወጣ ቪታሚን

በደሴና በኮምቦልቻ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የቪታሚን ክኒን ጠርሙስ ይገኛል። አንዳንዱ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ነው፤ ሌላውም በዓረብ አገርና በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው በመንገደኛ ሻንጣ የሚልኩት ነው። የልጅ ስጦታ አይነቀፍም። ነገር ግን ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «ነቀርሳን ይከላከላል» የሚል ወሬ አብሮት ይሄዳል። ይህ ነገር በብዙ ሺሕ ሰዎች ላይ የተፈተነ ስለ ሆነ፣ የተገኘውን ውጤት ለመምህራንና ለአንባቢያን ሁሉ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። ነቀርሳ ስንልም ዛሬ ካንሰር የሚባለውን ነው እንጂ የሳምባ ነቀርሳ የተባለውን ቲቢን አይደለም፤ ሁለቱ በስም ቢቀራረቡም ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ቪታሚን ማለት ሰውነታችን በጥቂቱ የሚፈልገው፣ ነገር ግን በበቂ ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ስለዚህም ይልቁን ከምግብ የሚያገኘው ነገር ነው። ሲጎድል የሚያመጣው ጉዳት ግልጥ ነው። ቪታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ይህንንም አባቶቻችን ዳፍንት ብለውታል። ጉድለቱ ከበረታ ዐይኑ እስከ መጥፋት ይደርሳል፤ ኩፍኝም ሲይዘው ይጸናበታል። ቪታሚን ሲ የጎደለው ሰው ድዱ ይደማል፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም።

ጎመንና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በነቀርሳ የሚያዙት ከሌሎች ይልቅ በጥቂቱ መሆኑን ሊቃውንት ከተመለከቱ በኋላ፣ ምስጢሩ ካሮትን ቢጫ በሚያደርገው ቤታ ካሮቲን በሚባለው ቀለም ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብለው አሰቡ። አሳቡ መልካም ነበረ። ስለዚህ በፊንላንድ አገር ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ዓመት የሆኑ 29,133 ትንባሆ አጫሽ ወንዶች ተመርጠው፣ ለአንዳንዶቹ የቤታ ካሮቲን ወይም የቪታሚን ኢ ክኒን፣ ለሌሎቹም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከ5 እስከ 8 ዓመት ድረስ ተሰጣቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ውጤቱ ሲገለጥ፣ ቤታ ካሮቲን በዋጡት ዘንድ የሳምባ ካንሰር ከመቶ 18 እጅ በዝቶ ተገኘ። በአሜሪካም አጫሾች፣ ማጨስ የተዉና በአስቤስቶስ ሥራ የኖሩ 18,314 ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ሲፈተኑ፣ ቤታ ካሮቲንና ቪታሚን ኤ በተሰጣቸው ላይ ካንሰሩ ከመቶ 28 እጅ በመጨመሩ፣ በጥር 1988 ዓ.ም. ጥናቱ ከቀጠሮው 21 ወር ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያም በኋላ ከ35,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት በ2004 ዓ.ም. እንዳመለከተው፣ ቪታሚን ኢን ብቻ በብዛት የወሰዱት በፕሮስቴት ካንሰር የተያዙት ከመቶ 17 እጅ በልጠው ነው።

አንድ ተቃራኒ የሚመስል ውጤት አለና እርሱንም መደበቅ አይገባም። በቻይና አገር ሊንሺያን በሚባል ገጠር ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤታ ካሮቲን፣ ቪታሚን ኢና ሴሌኒየም በአንድነት ቢሰጣቸው፣ በጨጓራ ካንሰር የሚሞቱት ከመቶ 21 እጅ ቀነሱ። ነገር ግን የዚያ አገር ሰዎች እነዚህ ነገሮች በምግባቸው የጎደሏቸው ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ክኒን የጎደለውን ሊሞላ እንደሚችል ነው፤ በሞላው ላይ ሲጨመር ግን እንደ ፊንላንዶቹ አጫሾች ሊጎዳ ይችላል። ሲጋራውን ሳይጥል ለሳምባው ይሆነኛል ብሎ ቤታ ካሮቲን የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ አደጋውን ያበዛል።

ክኒኑ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን አሉ፤ እነዚህም ችላ ሊሉት አይገባም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጣቸውን ቪታሚን ኤ መቀበል አለባቸው። ነፍሰ ጡሮች የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ከጤና ጣቢያ ያገኛሉ። የሕፃኑ የኅብለ ሰረሰር ቦይ የሚዘጋው ግን ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ማርገዟን በደንብ ሳታውቅ ስለ ሆነ፣ ለመውለድ ያሰበች ሴት ፎሊክ አሲድን አስቀድማ ብትጀምር ይሻላል። በአንጻሩ ነፍሰ ጡር ሴት ከውጭ አገር የመጣ ጠንካራ የቪታሚን ኤ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብትውጥ ፅንሱን ሊያበላሸው ይችላል።

ለሌላው ሰው በሰኞ ገበያ የሚሸጠው ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቲማቲምና ሎሚ፣ ከቆላውም የሚወጣው ፓፓያ ይበቃዋል። ብዙ የሚጠፋው በአሠራር ነው። ጎመኑን ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ቪታሚን ሲንና ፎሊክ አሲድን አብሮ መድፋት ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ይብሰል፤ ዘይትም ይጨመርበት፤ ምክንያቱም የካሮትና የጎመን ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። በምስር ወጥ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ሰውነት ከምስሩ የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋራ ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል። በወሎ አቦል፣ ቶናና በረካ ይቅር ብንል ማን ይሰማናል! ስለዚህ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ እንላለን፤ ይልቁንም ደም ማነስ ላለባቸው ሴቶች።

ነቀርሳን በመከላከል ረገድ ጥቅማቸው የተረጋገጠው ነገሮች ከጠርሙስ የሚወጡ አይደሉም። የመጀመሪያው ትንባሆን መተው ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ የሚሰጠውም በብዛት በትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ወላጅ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ልጁን ሲያስቀር፣ ወሬው ሐሰት መሆኑን ሊያስረዳው የሚችለው ቅርቡ ያለው መምህር ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችም የማኅፀን በራቸውን ማስመርመር ይገባቸዋል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሕፃናት ክትባት ውስጥ ይገኛል። የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ የጉበት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ ታጥቦና ደርቆ እንኳ መበላት የለበትም።

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ያለ ምክንያት ደም የሚፈሳት፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው፣ ቪታሚን እየዋጠ ወራት ሳያሳልፍ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሲሄድም ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ፤ ምክንያቱም ቪታሚን ኬ የደም መርጋትን የሚከለክለውን ዋርፋሪንን ኀይል ያሳጣል፤ ለጠጉር ማሳደጊያ የሚሸጠው ባዮቲንም የደም ምርመራን ውጤት ያሳስታል።